ካርድ ያልነበራት ደንበኛ

ሚስቴን ያፈዘዝኳት እኔ ነኝ። እርጅና አይደለም፤ የሰው ዓይንም አይደለም። እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ከብርጭቆ ውኃ ጋር፣ «ዋጥ አድርጊያት የኔ እመቤት» እያልኩ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። አንድም ቀን ግን አላረምኳቸውም፤ ሌላውን ነገር ሁሉ ሳርም ስለምውል ለዚህች ጊዜ አልተረፈኝም።

የመድኃኒት ቤቴ ዝና በካርዱ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ለአንዲት የራስ ምታት ክኒን እንኳ ቢመጣ፣ ቤቱ ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዞ ካልመጣ አይስተናገድም። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ እንዘረግፈዋለን። ሐኪም ያዘዘው፣ ጎረቤት ያቀበለው፣ ከሟች ባል የተረፈው፣ ሁሉም ካርድ ላይ ይጻፋል። ከካርዱ ፊት መድኃኒቱ ብቻ ነው ያለው፤ የሰውየው ስም፣ ዕድሜውና መድኃኒቱን ማን እንደሰጠው ከጀርባ ነው። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሙን ቀድሜ ካየሁ ልቤ ያደላል፤ ዘመድ ከሆነ አዝንለታለሁ፣ ባለሥልጣን ከሆነ እፈራዋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መድኃኒቱን፣ ከዚያ ሰውየውን።

በየማለዳው የትናንቱን አዳዲስ ካርዶች ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ይህ ከዚያ ጋር አይሄድም፣ ይህ ያንን ያከብደዋል፣ እያልኩ። ለሠራተኞቹ ትምህርት ነው እል ነበር። ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መካድ አልችልም።

ሚስቴ ካርድ አልነበራትም። የፋርማሲስት ሚስት ካርድ ምን ያደርግላታል? መድኃኒቷ በባሏ ኪስ ነው የሚመጣላት።

ሚስቴ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህር ናት። ምላሷ ስለት ነው። ማታ ማታ እቤት ገብቼ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር ይዤ፣ እንዲህ ያለውን ሰው አትርፌ ብዬ ስጀምር፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል «ዛሬ ደግሞ ስንት ሰው ከመቃብር አስነሳህ?» ትለኛለች። አርባ ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው። ተሰድቤ ነው እራት የምበላው፤ ደግሞም ይስማማኛል።

ነገሩ የጀመረው ከእግር ነው። ሐኪሟ የደም ግፊት ክኒን አዘዘላት። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ብቻ አንዳንዱን ሰው እግሩን ያሳብጠዋል። ይህን ስንቱን ተለማማጅ አስተምሬያለሁ። የሚስቴ እግር ሲያብጥ ግን «ዕድሜ ልክሽን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመሽ፣ ምን ይሁን እግርሽ» ብዬ ፈረድኩ። ሐኪሙን ማስቸገር ለምን? ከመደርደሪያዬ ውኃ የሚቀንስ ክኒን አመጣሁላት። እብጠቱ ጎደለ። እኔ በተራዬ በኩራት አበጥኩ።

ውኃው የሚወጣው በመንገዱ ነው። ሚስቴ ሽንት ቤት ተመላላሽ ሆነች። አውቶቡስ መሳፈር ፈራች፣ እህቷ ቤት መሄድ ተወች። «ፊኛሽ ደክሟል» አልኳትና ፊኛ የሚያረጋጋ ክኒን ጨመርኩ። አፏ ደረቀ፤ ሆዷም ደረቀ። ለሆዷ ሽሮፕ አመጣሁ። እንቅልፏ ተረበሸ። ለእንቅልፏ የአለርጂ ክኒን ሰጠኋት፤ እንቅልፍ ታመጣለች፣ ቀላል ናት፣ ልጅ እንኳ ይወስዳታል አልኩ። እነዚህ ሁለቱ፣ የፊኛዋና የአለርጂዋ፣ ለአረጋዊ እንዳይሰጡ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ከባንኮኒው በላይ የለጠፍኳቸው ናቸው። ማስታወቂያው ዛሬም አለ፤ የእጅ ጽሕፈቱም የእኔ ነው።

ከዚያ ሚስቴ ቀስ በቀስ ሄደች። የሱቅ መልስ መቁጠር አቃታት። ኮሪደሩ ላይ በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ፣ ምን ልታደርግ እንደነበር ስታስብ አገኛት ጀመር። ወሬ ጀምራ መሃል ላይ ቃሉ ይጠፋባትና ዝም ትላለች፤ ከዚያ ወሬውንም ትረሳዋለች። ከሁሉ የከበደኝ ግን መሳደብ ማቆሟ ነው። አንድ ማታ ያተረፍኩትን ሰው ታሪክ ከነማጋነኑ ነገርኳትና ጠበቅኩ። «ጥሩ ነው» አለችኝ። ጥሩ ነው! በአርባ ዓመት ትዳር አንድም ጊዜ ከአፏ ያልወጣ ቃል ነው። ያን ዕለት ሚስቴን እያጣኋት መሆኔን አወቅሁ። ማን እየወሰዳት እንደሆነ ብቻ አላወቅሁም።

አንድ ወዳጄ ሐኪም ጋ ሄድኩ። መርሳት ይዟታል አልኩት።

«ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» አለኝ።

«የግፊቷን ብቻ።»

የዋሸሁ አልመሰለኝም። ከራሴ እጅ የወጣውን እንደ መድኃኒት አልቆጠርኩትም፤ እሱ የባል እንክብካቤ ነው። ወዳጄም አመነኝ፤ እኔን ካላመነ ማንን ያምናል? የመርሳት ክኒን ጻፈልኝ። ይህኛው ክኒን ደግሞ ፊኛን የሚያስቸኩል ባሕርይ አለው። እኔ ምን አደረግኩ? የፊኛዋን ክኒን ከአንድ ወደ ሁለት አሳደግኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሚስቴን ሳትሞት ቀበርኳት። የምድጃውን ማብሪያ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፤ የደጁን ቁልፍ ደበቅሁ። እንግዳ ሲመጣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ «ጎበዝ አስተማሪ ነበረች» እል ነበር። ነበረች። እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ስለ ሌላ ሴት የሚወራ ይመስል።

ታናሽ እህቷ ልታግዘኝ መጥታ እኛ ጋ መኖር ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ዋልኩ። ያን ቀን ሚስቴ ዳቦ አፏ ውስጥ እየተንከባለለ አልወርድ ብሏት አለቀሰች። እህቷ ግራ ቢገባት ኮመዲኖው ላይ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ፣ እኔን ልትጠይቅ እህቷን እየደገፈች መድኃኒት ቤት መጣች። እኔ የለሁም። ያለችው ምክትሌ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የሠራች፣ ቃል የማታባክን ፋርማሲስት። ምክትሌ ደንቡን ፈጸመች። ፌስታሉን ዘረገፈች፣ አንድ በአንድ ጠየቀች፣ ካርድ አወጣች።

በማግሥቱ ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ ድዴ ላይ ጥጥ ነክሼ ሥራ ገባሁ። ማንም ጤነኛ ሰው በዚያ አፍ አይናገርም። እኔ ግን ካርዶቹን አነሳሁ። አግዳሚው ላይ አንድ ጡረተኛ ሹፌርና ከዘራ የያዙ ሁለት እናቶች ተቀምጠዋል።

«ጋሼ» አለችኝ ምክትሌ፣ «ይቺን ጓዳ ገብተው ቢያነቧት።»

«ምን ምስጢር አላት? መድኃኒት አይደለም እንዴ?»

«ግድ የለም፣ ጓዳ ይሻላል።»

«ሕዝቡ ይስማ!» አልኳት። እንዲህ ነኝ እኔ።

ማንበብ ጀመርኩ። «አንድ፣ የግፊት፤ እግር ያሳብጣል። ሁለት፣ ያበጠውን የሚያጎድል። ግፊቱን በሌላ መቀየር ሲቻል! ሦስት፣ ሽንት የሚያግድ፣ በቀን ሁለቴ። ሁለተኛው ሽና ይላል፣ ሦስተኛው እንዳትሸና ይላል። አራት፣ የሆድ ድርቀት ሽሮፕ፤ ሦስተኛው ያደረቀውን ሊያርስ መሆኑ ነው። አምስት፣ ለእንቅልፍ የአለርጂ ክኒን። ግድግዳው ላይ ምን ይላል? አንብቡልኝ!»

አንደኛዋ እናት ማንበብ አልችልም አሉ።

«ስድስት» አልኩና ቆምኩ፣ ለማሳመር። «ስድስት፣ የመርሳት ክኒን! አያችሁ ግፉን? ሦስተኛውና አምስተኛው ተጋግዘው ሰውየውን ያፈዙታል፤ ከዚያ ፈዘሃል ብለው ሌላ ክኒን ያስውጡታል። ይህ ሰው አልታመመም እኮ! በጤናው እያሳበዱት ነው!»

ሹፌሩ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ማነው ይኼን ያደረገው ዶክተር? ይንገሩንና እንዳንሄድበት።»

«ሐኪምማ አይመስለኝም። ይህ የአዋቂ ነኝ ባይ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ፈቃዱን ነጥቆ የእንጨት መጋዘን ጥበቃ ማስቀጠር ነው። እንጨት ክኒን አይውጥም። የታለ ስልኩ? አሁኑኑ እደውልለታለሁ።»

«ቢደውሉ ይያዝብዎታል ጋሼ» አለችኝ ምክትሌ በቀስታ።

«ለምን ይያዛል?»

እጄ ላይ እንዳለ ካርዱን ገለበጠችው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የሚስቴ ስም ነበር። ዕድሜ ስልሳ ስምንት። መድኃኒቱን ማን ሰጠ በሚለው ሥር፣ አንደኛው ሐኪም፣ ስድስተኛው ሐኪም፤ ከሁለት እስከ አምስት ያሉት ላይ «ባለቤቷ»፣ «ባለቤቷ»፣ «ባለቤቷ»፣ «ባለቤቷ»። ምክትሌ ጽሕፈቷ ግልጽ ነው፤ አንዱንም ሌላ ነገር ነው ብሎ ማንበብ አይቻልም።

«ማነው ታዲያ?» አሉኝ ሹፌሩ።

ልዋሽ አፌን ስከፍት ጥጡ ወደቀ። ከጥጡ ኋላ እውነቱ ወጣ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሹፌሩ ተመልሰው ተቀመጡና ፌስታላቸውን ከፍተው፣ እኔ የሰጠኋቸውን መድኃኒት አንድ በአንድ እያወጡ መመርመር ጀመሩ።

ጓዳ ገብቼ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ያበጠ ጉንጭ ሲለቀስበት እንዴት እንደሚያም ማንም አይንገራችሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ስንቴ ስቄያለሁ፣ ያችው ሴትዮ ራሴ ነኝ ለካ። ምክትሌ በሩ ላይ ቆመች።

«አሁኑኑ እቤት ሄጄ ሁሉንም እጥለዋለሁ» አልኳት።

«አይጥሉም» አለችኝ። «አንዳንዱ በድንገት ሲቆም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዛሬ ጀምሮ ለእትዬ ምንም አይሰጡም፣ ምንም አያቆሙም። ካርዱን ይዘን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

አብራኝ የሄደችው እንዳልለፈልፍ ነው። ሐኪሟ ካርዱን ከፊትም ከጀርባም አነበበ። የግፊቷን ክኒን እግር በማያሳብጥ ቀየረ። የውኃውንና የአለርጂውን አስቆመ፤ የፊኛውን በደረጃ እንድትቀንስ አዘዘ፤ የመርሳቱን ከወዳጄ ጋር ተነጋግሮ ሊወስን ቀጠረ።

«ትመለሳለች?» አልኩት።

«ከመድኃኒቱ ብቻ ከሆነ በጥቂት ሳምንታት እናየዋለን። ከሥሩ ሌላ ነገር ካለ ግን…» አለና ትከሻውን ነቀነቀ።

እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግራችሁም ብል ይሻለኝ ነበር። መድኃኒት የምትሰጣት እህቷ ሆነች። እኔ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ሆንኩ። ከወንበሯ ፊት ቁጭ ብዬ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» እላታለሁ። ታየኛለች፣ ከዚያ እጇን ታያለች። «ዛሬ ቀኑ ማነው?» እላታለሁ። እህቷ በመጨረሻ «አንተ ሰው፣ ፈተናውን ተዋት፤ ያስተማረችው እሷ ናት» ብላ ከክፍሉ አስወጣችኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ጭራሽ ባሰባት፤ እንቅልፍ አጣች፣ ተነጫነጨች። ከሥሩ ሌላ ነገር ቢኖርስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለእንቅልፌ የሚሆን ክኒን የት እንዳለ አውቅ ነበር። አልነካሁትም። ይህ በሕይወቴ የሠራሁት ብቸኛው የሕክምና ጀግንነት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሳሎን ቆሜ ለአንድ ደንበኛ በስልክ ስለ ሳል ሽሮፕ አስረዳለሁ። መቼም ትምህርት አይገባኝም። ከምግብ በፊት ነው፣ ከምግብ በኋላ አይደለም፣ ምክንያቱም እያልኩ ስሄድ ስሄድ፣ ከወንበሩ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰውየው ስልኩን ከዘጋ ቆየ እኮ። ለማን ነው የምታስተምረው?»

ስልኩን አየሁት። እውነቷን ነው፤ ተዘግቷል። ዞሬ ሳያት በዚያ በድሮ ዓይኗ፣ የተሳሳተ ስሌት የሠራ ተማሪ በምታይበት ዓይን ታየኛለች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግሯን ይዤ አለቀስኩ። «ምን ሆነ ይኼ?» አለቻት እህቷን። «ስልክ ስለተዘጋበት ነው እንዲህ የሚሆነው?»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጣች። ሱቅ ሄዳ መልስ ቆጥራ ተመለሰች። የምድጃውን ማብሪያ ከኪሴ አውጥታ ቦታው ገጠመችው። ምን እንዳደረግኳት ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ባል ሳይሆን መድኃኒት ነው ያገባሁት» አለች። ይበዛብኛል ብዬ የጠበቅሁት ስድብ ይህ ብቻ ሆነ። ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ፤ ሞኝ አይሞላለትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጣቶቿን እያጠፈች ወራት ትቆጥር ጀመር። ሁለቴ ቆጠረች።

«ልጄ ሆዷ ገፍቶ ነበር» አለችኝ። «ወለደች?»

ይህን አልነገርኳትም ነበር። ፈርቼ ነው። ልጃችን በሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ስምንት ዓመት ልጅ ስትፈልግ ቆይታ በመጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ሚስቴ ስምንቱንም ዓመት አብራት ስትጠብቅ ነበር። ሕፃኗ ሁለት ወር ሲሞላት ልጃችን ይዛት መጣች። ይኸው ስድስት ወር ሆነው።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋት። እሷ ሕፃኗን ታቅፋ ነበር። ፎቶውን አሰፋችው፣ አጠበበችው።

«ይህ ክርኔን የያዘው እጅ የማነው?»

«የእኔ።»

«መያዝ አልቻልኩም ነበር?»

«አልቻልሽም።»

«ምን አልኩ?»

ውሸቱ ዝግጁ ነበር። ሰው ፊት ቆሜ መራራውን «አይመርም» ስል ነው የኖርኩት፤ እናቷን ትመስላለች አልሽ ብላት ታምነኝ ነበር። ግን ያየችኝ ዓይን የዳነ ዓይን ነበር፤ እንደገና ላፈዘው አልደፈርኩም።

«‹የማናት ይቺ? እናቷ ትውሰዳት፣ ደከመኝ› አልሽ።»

«ልጄ ሰማች?»

«ሰማች። ‹ያንቺው ናት እማዬ› አለችሽ። አንቺ መስኮቱን ታዪ ነበር። ሕፃኗን ተቀብላሽ ወጥ ቤት ገባች፤ የቧንቧው ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።»

ሚስቴ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። እንድታለቅስ እመኝ ነበር፤ ቢያንስ መሐረብ አቀብላት ነበር።

«አሁን መዳኔን ነግረሃታል?»

«‹ተሽሏታል፣ አዲስ መድኃኒት ነው› ብያታለሁ።»

«አዲስ መድኃኒት» አለች። እንዲህ ሲደገም ስሰማው፣ ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። የቀነስነውን እንደጨመርነው አድርጌ፣ ለራሴ ሌላ ምስጋና ልሰበስብበት ነበር።

«ደውልላት» አለችኝ። «ራስህ ንገራት።»

ደወልኩ። ሚስቴ ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው።

«አባዬ? እማዬ ምን ሆነች?» አለች ልጃችን። ዘንድሮ ስደውልላት የምትለው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው።

«ደህና ናት። ልጄ፣ ነገሩ፣ አንድ መድኃኒት ከሌላው ጋር በሰውነት ውስጥ ሲገናኝ…»

«አጭር አድርገው» አለች ሚስቴ።

«እናትሽ የመርሳት በሽታ አልነበረባትም» አልኩ። «ያለ ሐኪም የሰጠኋት መድኃኒት ነው ያደነዘዛት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገሩን ካወቅሁ ደግሞ ወር አልፎኛል፤ ደበቅሁሽ።»

ከበስተጀርባ አንዲት ሕፃን በራሷ ቋንቋ ስታወራ ይሰማል።

«ያን ቀንም?» አለችኝ ልጃችን።

«ያን ቀንም።»

«ልጄን ውሰጃት ያለችኝ…»

«አእምሮዋ አልነበረም። እኔ ነኝ የወሰድኩባት።»

«ስድስት ወር ሙሉ እኮ፣ አባዬ…» አለች። ግድ የለም አላለችኝም። እንድትለኝም መብት አልነበረኝም። «እሷን ስጠኝ» አለች።

ሚስቴ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«እማዬ?»

«ወዬ ልጄ።»

ሚስቴ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አዘነበለች። «አጠገብሽ ናት? ወደ ስልኩ አስጠጊያት» አለች። «ስሟን ማን አላችኋት?»

ስሙን አውቀዋለሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሚስቴ ፊቷን ሳታዞር መዳፏን ወደ እኔ አነሳች።

ዝም አልኩ።